ጋሼ ለምን ቢሉ እና የጥድ አምባው ኮርኒስ

ይሰማል! ኧረ ይሰማል! ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ፣ ቆርቆሮው ከላይ እየተደበደበ፣ ከታች ግን ጥርት ብሎ ይሰማል! ዛሬ ዓርብ ሐምሌ 8 ቀን 2003 ዓ.ም. ማለዳ በገዛ ጆሮዬ አረጋግጬ መምጣቴ ነው። ጫማዬ እንደ ጨቀየ ነው፣ ነጠላዬም አልደረቀም። ይህን ሳልጽፍ ግን ነጠላ ማስጣት ምን ያደርግልኛል?

ቆይ፣ ማን እንደሚሰማ ሳልናገር እልል አልኩ። የሚሰሙት የኔታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ ከንፋስ መውጫ ከፍ ብላ ያለችው የጥድ አምባ ሚካኤል የድጓ መምህር። ድጓ ያ ዓመቱን ሙሉ በየበዓሉ የሚዜመው ትልቁ የዜማ መጽሐፍ ነው። የኔታ የድጓ ማስመስከሪያ ወደ ሆነችው ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም ወርደው ያስመሰከሩበት ሰው ስለሆኑ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል። በቃላቸው መያዛቸውም በጀ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ተማሪ የሚያርሙት በጆሯቸው ነው። ጆሯቸውን ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ ጆሮ አድርጋችሁ እንዳታስቡት። ከሃያ አራት ተማሪ መካከል አንዱ አንዲት ምልክት ዘሎ ቢያልፍ ስሙን ጠርተው ያስቆሙታል።

የምጽፈው ግን ስለ የኔታ አይደለም። እንዲሰሙ ስላደረጉት ሰው ነው። ስማቸው እንየው ነው፤ ንፋስ መውጫ ገብታችሁ እንየው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚያውቅላችሁ የለም። “ጋሼ ለምን ቢሉ” በሉ። የትኛውም ባጃጅ ጠረጴዛቸው ድረስ ያደርሳችኋል።

ጋሼ እንየው ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ እኔ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ካስቀመጥኩባት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ፣ ጠረጴዛና ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ይውላሉ። ባለጉዳዩ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው በእጅ ይጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ። መጀመሪያ በታይፕ፣ በኋላ በኮምፒውተር፣ ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ቃል ስንጽፍ ኖርን። የራሴን ቃል ስጽፍ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞ መለስ ብዬ ሳነበው አያስጠላም!

በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። መጀመሪያ ዜማ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ድምፃቸው ዘይት ያልነካው በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው። ስለዚህ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ዞሩ። እዚያ መምህሩ አንዱን ቃል ያነሣና “ይህን ስለምን ተናገረ? ለምን ቢሉ…” ብሎ ምክንያቱን ያወጣል። ቀጥሎ “አንድም…” ይልና ሌላ ፍቺ ይደርብበታል። ጋሼ እንየው ሦስት ዓመት እንደ ተማሩ አባታቸው ሞቱና እርሻውን ሊይዙ ተመለሱ። የተማሩት ብዙው ከእሳቸው ወጣ፣ “ለምን ቢሉ” ግን አልወጣም።

አንድ ገበሬ የጻፉለትን ማመልከቻ እስከ ዛሬ ከተማው በቃሉ ይወጣዋል። እንዲህ ነበር፦ “በሬዬ በጎረቤቴ የገብስ ማሳ ገባ፤ ለምን ቢሉ አጥሩ ፈርሷልና። አጥሩ ለምን ፈረሰ ቢሉ፤ ጎረቤቴ እንጨቱን ነቅሎ አንድዶታልና። ለምን አነደደው ቢሉ፤ ልጁን ሲድር ድግስ ነበረበትና። እኔስ ያኔ ለምን ዝም አልኩ ቢሉ፤ ከድግሱ በልቻለሁና።” ዳኛው እዚህ ላይ ሲደርስ ለአሥር ደቂቃ ዕረፍት ወጣ ይባላል። ሁለቱ ሰዎች ግን እዚያው ደጅ ላይ ታረቁ። ሁሉ ነገር ተጽፎላቸው ምን ይከራከሩ?

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ደግሞ “ሠላሳ ዓመት ስኖር ‘እሺ’ ብሎኝ አያውቅም” ትላለች። “‘እሺ፤ ለምን ቢሉ’ ነው የሚለኝ። ለምን እሺ እንዳለኝ እስኪጨርስ ወጡ ያራል።”

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

አምና ክረምት የኔታ የሚያስተምሩባት የሣር ጎጆ አንድ ጎኗ ተናደ። ሰው አልነካም፤ ጎጆዋ ግን ከዚያ ወዲያ ጎጆ አልሆነችም። የደብሩ ሰዎችና በየከተማው ያሉ የአገሩ ተወላጆች ተረዳድተው አዲስ ጉባኤ ቤት፣ ማለት ተማሪውና መምህሩ ተሰብስበው የሚማሩበት ቤት፣ ይሠራ ተባለ። ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀመንበሩ መምሬ ላቀው፣ ጸሐፊው ጋሼ እንየው ሆኑ። እኔም ገባሁ። ወረቀቱን በነፃ ትተይባለች ብለው እንደ መረጡኝ አጥቼው አይደለም።

ሥራውን የያዘው እንዳልካቸው የሚባል ወጣት ሥራ ተቋራጭ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን ችኩል ነው። በአንዱ ስልክ እያወራ ሌላውን የሚነካካ፣ ቁጭ ሳይል የሚነሣ ዓይነት። የተጠቀለለ ፕላን በብብቱ ይዞ፣ ባለ ሁለት ገጽ ውል ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ።

“ፈርሙና ሰኞ መሠረት እናውጣ። ስታንዳርድ ነው። ሦስት መጋዘን ሠርቼበታለሁ” አለ።

ጋሼ እንየው መነጽራቸውን አደረጉ። “በሩ በሰሜን ነው ይላል።”

“አዎ።”

“ለምን?”

እንዳልካቸው ወደ እኛ ዞረ። “በሰሜን ነዋ! ፕላኑ ላይ በሰሜን ነው ያለው።”

“ፕላኑ ላይስ ለምን በሰሜን ሆነ?”

“ጋሼ፣ በር እንግዲህ የሆነ ቦታ መሆን አለበት አይደል?”

“አለበት። ለምን እዚያ ነው ያልኩህ።”

“መጋዘኑ ላይ በሰሜን ስለነበረ!”

መምሬ ላቀው ወደ ልጁ ጎንበስ ብለው “በል ቅዱስ ሚካኤል ይርዳህ፣ ጀመሩህ” አሉት።

ጋሼ እንየው ውሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። “የኔታ ገብስ አይደሉም በመጋዘን የሚቀመጡ። የሚገባበት ሰው ሳይጠየቅ በቤት አይዋዋሉም” ብለው ተነሡ። እኔም ተከተልኳቸው። ለምን ቢሉ፣ ወሬ እወዳለሁና። (አያችሁ፣ ይተላለፋል።)

የኔታ ከጥዱ ሥር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ያዜማሉ። ጋሼ እንየው ገና “እንደምን ዋሉ” ከማለታቸው የኔታ ሳቁ።

“ማነው የመጣ? በሩ ነው?”

“እኔ ነኝ የኔታ፣ እንየው ነኝ።”

“አወቅሁህ እኮ፣ በሩ ነህ።”

“እንግዲህ እውነተኛው በር ወዴት ይሁን ልልዎ ነው የመጣሁ።”

የኔታ መዳፋቸውን አንሥተው አየሩን ዳሰስ አደረጉት። “ነፋሱ ከገደሉ ነው የሚመጣ። በገደሉ በኩል አይሁን፤ ነፋስ ሲገባ የልጆቹን ድምፅ ይዞብኝ ይሄዳል። በፀሐይ መግቢያው ይሁን። ፊቴን ሲሞቀኝ ሰርክ መድረሱን አውቃለሁ። ደፍ ደግሞ አትሥሩብኝ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ ሦስተኛውን ስወድቅ ተዝካር ታወጣላችሁ።”

“ጣራውስ?”

“ጣራውማ ሣር ነበር።”

“ሣር ከየት ይምጣ የኔታ፣ ግጦሹ ሁሉ ታረሰ። ቆርቆሮ ነው የሚሆነው።”

የኔታ ተማሪዎቹን በእጃቸው አስቆሙ። “እንግዲያው ከቆርቆሮው ሥር የሚያፍነው ነገር አድርጉልኝ” አሉ ቀስ ብለው። “ስማ አንተ እንየው። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ እኔ ዳግመኛ ታወርኩ ማለት ነው። የማልሰማውን አላርምም። ካላረምኩ ምን መምህር ነኝ?”

ጋሼ እንየው ይህን ሲጽፉ እጃቸው ሲቸኩል አየሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማመልከቻ አልጽፍም አሉ። ባለጉዳዩ እየመጣ ይመለሳል። በዘጠነኛው ቀን አሥራ አንድ ገጽ አምጥተው ኪቦርዴ ላይ አስቀመጡ። “አባሪ ነው። ውሉ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ ይኸ ለምን እንደሚሠራ፣ ሌላውም ለምን እንደ ቀረ ይናገራል” አሉኝ።

ስተይበው እንዴት እንደ ሳቅሁ! ከክዳኑ ክፍል ይኸው፦ “ሣር ለምን አልሆነም ቢሉ፤ ግጦሹ ታርሶ ጠፍቷልና። ኮርኒስ ለምን አስፈለገ ቢሉ፤ ለጌጥ አይደለም፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ የኔታ የተማሪን ድምፅ ሰምተው እንዲያርሙ ነው እንጂ። ከሳንቃው በላይ ገለባ ይነስነስ ያሉ መምሬ ላቀው ነበሩ። ለምን ቀረ ቢሉ፤ አይጥ ይወልድበታልና፤ አይጥ ሲሮጥ ተማሪ ይስቃልና፤ ተማሪ ሲስቅ የኔታ የሳቀውን አያዩምና ሁሉን ይገርፋሉና። ስለዚህ ኬሻ ይደረብ ተባለ።”

መምሬ ላቀው ሲነበብላቸው “ስሜን ከአይጥ ጋር ምን አገናኘው? አውጣኝ ከዚህ!” ብለው ተቆጡ።

“ማን እንዳለውና ለምን እንደ ቀረ ካልተጻፈ ነገ ሌላ ሰው ተነሥቶ ገለባ ይላል።”

“ይበል እንጂ! እሱም በስሙ ይጻፍ!”

ስማቸው እዚያው ቀረ። ጋሼ እንየው ከጻፉ አያወጡም።

ባለ ሁለት ገጹንም ውል እንደገና ጻፉት። በሩ ወደ ምዕራብ ዞረ፣ ደፉ ጠፋ፣ በመጨረሻም “አባሪው የዚህ ውል አካል ነው” የሚል ገባ። ተራ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ “ጣራው በቆርቆሮ ይከደን፤ አንድም ከሥሩ የሳንቃ ኮርኒስ ይሠራለት።” እኔው ነኝ የተየብኩት። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ምንም አልታየኝም። ኮሚቴውም ሰማ፣ ምንም አላለም። አብዛኞቻችን የቅኔ ማኅሌት ጥግ ያደግን ሰዎች ነን፤ አንድም ሲባል ጆሯችን ለምዶታል።

እንዳልካቸው ጥቅሉን በእጁ መዘነ። “ጋሼ፣ ይኸ ውል ነው ድርሳን?”

“ድርሳንማ ቢሆን ትሳለመው ነበር። አንብበው።”

“አነበብኩት!” አለና ገጾቹን እንደ ካርታ እያገላበጠ በእያንዳንዱ ላይ ፈረመ።

ሥራውን ሠራ እንጂ። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ በሩ እንደ ተባለው፣ ደፍ የሌለው። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ቆርቆሮው በፀሐይ አብረቀረቀ። ሄደን አየን፣ ተገረምን፣ አንገታችንን ቀና ስናደርግ ግን የሚታየን ያው ቆርቆሮው ከነምስማሩ ነው።

“ኮርኒሱስ?” አሉ ጋሼ እንየው።

“የምን ኮርኒስ?”

“ተራ ቁጥር ሰባት።”

እንዳልካቸው ውሉን ከመኪናው አምጥቶ ጣቱን ቃሉ ላይ ተከለ። “የጻፉት እርስዎ ነዎት። ‘በቆርቆሮ ይከደን፤ አንድም ኮርኒስ ይሠራለት።’ አንድም! ‘አንድም ትመጣለህ፣ አንድም ትቀራለህ’ የተባለ ሰው ሁለቱንም ያደርጋል? ምርጫ ሰጣችሁኝ፣ ቆርቆሮውን መረጥኩ። ኮርኒሱን መርጬ ቆርቆሮውን ብተወውስ ኖሮ? ደግ ሰው ሆኜ ነው እኮ!”

ሁላችንም ወደ ጋሼ እንየው ዞርን። እሳቸው ውሉን ሳይሆን መሬቱን ነው የሚያዩት።

ነገሩ ገብቷችኋል? በመጻሕፍት ጉባኤ አንድም ማለት “ይህም ደግሞ አለ” ማለት ነው። ኋለኛው ፊተኛውን አይሽረውም፣ ይደረብበታል። ጋሼ እንየው ቆርቆሮ ብለው ኮርኒስ ደረቡ። በገበያና በመንደር ግን አንድም ማለት “ከሁለት አንዱን” ማለት ነው። እንዳልካቸው የገበያውን አነበበ። ደግሞ ማን ይፈርድበታል? ሁለቱም አማርኛ ነው! አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ምክንያት የጻፈ ሰው በአንዲት ቃል ተያዘ።

ጎጆዋ ፈርሳለችና ተማሪው አዲሱ ቤት ገባ። ሰኔም ገባ።

የመጀመሪያው ዶፍ የወረደ ዕለት ለየኔታ ጨርቅ ላደርስላቸው ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚያራግፉበት ነው የሚመስለው። ተማሪው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የኔታ ጆሯቸውን ወደ አንዱ ያስጠጋሉ፣ “ድገም” ይላሉ፤ ወደ ሌላው ያስጠጋሉ፣ “ድገም” ይላሉ። ልጆቹ መጮኽ ጀመሩ፤ የጮኸ ዜማ ደግሞ ዜማ አይደለም። በሳምንቱ የኔታ መምሬ ላቀውን አስጠሩ።

“እስከ ሐምሌ ሥላሴ እታገሣለሁ” አሏቸው። “ከዚያ ጉባኤውን አጥፋለሁ። ልጆቹ የሚሰማቸው መምህር ይፈልጉ። ስሕተት አውርሼ ከምሞት ዝም ብዬ ብሞት ይሻለኛል።”

ወሬው ከተማ ሲደርስ ጋሼ እንየው ጃንጥላቸውን አጥፈው ቤታቸው ገቡ። ባጃጆቹ ወዲያው ስም ቀየሩላቸው። “ጋሼ አንድም የሉም?” እያሉ በደጄ ያልፋሉ። እኔም አንዱን በስቴፕለር ልፈነክተው ምንም አልቀረኝ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ወይዘሮ የሻረግ ሽሮ ትነፋለች።

“የኔታን ያሳወርኳቸው እኔ ነኝ” አሉኝ ሳይዞሩ። “በሽታው አንድ ጊዜ፣ እኔ ሁለተኛ።”

ወይዘሮ የሻረግ ወንፊቷን አቆመች። “አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት በለምን ቢሉ አደንቁረኸኝ ዛሬ አንድ ሰው ለምን ሲፈልግ ትተኛለህ? አሥራ አንድ ገጽ የጻፍከው ለአይጡ ነው?”

ጋሼ እንየው ቀስ ብለው ዞሩ። ከዚያ ተቀመጡ። ከዚያ “ጫማዬ የት ነው?” አሉ።

ኮሚቴው ከወረዳው የግንባታ ባለሙያ እንዲላክለት ጠየቀ፤ ትዕግስት የምትባል ወጣት መሐንዲስ መጣች፤ ቦት ጫማዋን እስከ ጉልበቷ ስባ፣ መዝገብ ይዛ። እንዳልካቸውም ተጠራ። ሰኔ 25 ቀን ሁላችንም ጉባኤ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። የኔታም ከተማሪዎቻቸው ጋር ጥጋቸውን ይዘዋል። ትዕግስት ውሉን አነበበችና ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች።

“ጋሼ፣ ይቺ ቃል በሁለቱም ትነበባለች” አለች።

እንዳልካቸው እጁን አጣመረ። “እኔስ ምን አልኩ?”

“አባሪው ላይ ምክንያቱ አለ” አሉ ጋሼ እንየው። “ልጄ፣ ፍቀጂልኝና ላንብበው።”

ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ገጹን ገለጡ። ልክ “ኮርኒስ ለምን አስፈለገ ቢሉ” ከማለታቸው ሰማዩ ተቀደደ! እውነቴን ነው፣ ቅዱስ ሚካኤል ራሱ በገንቦ የገለበጠው ነው የሚመስል። ቆርቆሮው ጮኸ። ጋሼ እንየው ያነባሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በር ከሚመስል ድምፃቸው እንኳ ሲጥታ አልወጣም።

እንዳልካቸው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። “ምን አሉ?”

ጋሼ እንየው ደገሙት።

“አይሰማም!”

ሠለሱት።

“ጋሼ! አይሰማም እኮ ነው የምልዎት! ምንም አይሰማም!” ብሎ በሙሉ ጉልበቱ ጮኸ።

ያንን ሰማን። ሁላችንም ሰማን። ትዕግስት በሳቅ ፈነዳች፣ መዝገቧን ገልጣ ጻፈችና ለእንዳልካቸው አሳየችው። እኔም በትከሻው ላይ አሻግሬ አነበብኩ፦ “ሥራ ተቋራጩ በቤቱ ውስጥ ቆሞ አይሰማም ሲል ሦስት ጊዜ አረጋግጧል።”

እንዳልካቸው አየው። ወደ ቆርቆሮው ቀና አለ። ከዚያ ወደ ጥጉ፣ ወደ የኔታ ተመለከተ። የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ምን እንደ ተባለ የሚነግራቸው ሰው በእጃቸው እየፈለጉ ነበር። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። አባሪውን ከጋሼ እንየው እጅ ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እውነት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሱ አነበበው። አይጡ ላይ ሲደርስ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ዝናቡ ሲያባራ ትዕግስት “እንግዲህ ‘አንድም’ን ብቻ ብናይ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ” አለች። “ግን ለምን እንደሚሠራ አብሮ ተጽፏል፣ በእያንዳንዱ ገጽም ፈርመሃል። ቆርቆሮ ብቻ መርጠህ ያንን ምክንያት ልትፈጽመው ትችላለህ?”

“ኧረ በቃ፣ እኔው በአፌ መሰከርኩ” አለ እንዳልካቸው። “እሠራዋለሁ። ግን ጋሼ፣ ያንን ቃል አርሙልኝ፤ ሌላ መጋዘን ላይ ሳይከተለኝ።”

ማረሚያውን እዚያው ጻፉት፦ “በዚህ ውል ውስጥ አንድም ማለት ‘እና’ ማለት ነው፤ ለምን ቢሉ…”

“እዚያ ላይ አቁሙ!” አልናቸው ሁላችንም በአንድ አፍ። አላቆሙም። ግማሽ ገጽ ሆነ።

አናጺዎቹ ከሰኔ 27 ጀምሮ ገቡ። እንዳልካቸው በቀን ሁለት ጊዜ ይደውላል። “ጋሼ፣ ሳንቃው በቁመት ይሂድ በወርድ?” “በወርድ።” “ለምን? ንገሩኝና ልጻፈው።” ጆሮዬን ስልካቸው ላይ ለጥፌ ነው ይህን የሰማሁት፤ ለሰው ነግሬ የሚያምነኝ አላገኘሁም። ኬሻው ተደርቦ የመጨረሻዋ ሳንቃ የተመታችው በሥላሴ ዋዜማ ነው። ትናንት ደግሞ በዓሉ ሲከበር ፀሐይ ወጥቶ ዋለ! ክረምቱን ሙሉ ያልታየ ፀሐይ! ቀኑ ደርሷል፣ እኛ ሰማዩን እናያለን። መምሬ ላቀው “ዝናብ አምጣ ብዬ የጸለይኩት በዕድሜዬ ለእርሻ ነበር” ብለው ጥዱ ሥር ተንጎራደዱ።

ዛሬ ማለዳ ወረደ። እንዴት አድርጎ ወረደ! ሱቄን ሳልከፍት ዳገቱን ሮጥኩት። ጋሼ እንየው ቀድመውኛል፤ በሩ ላይ ቆመው አይገቡም፣ አይወጡም። ውስጥ ስንታየሁ የሚባለው ትልቁ ተማሪ ያዜማል። ከላይ ዝናቡ ሩቅ እንደሚወርድ ወንዝ ሆኗል። ድምፁ ወጣ፣ ዞረ፣ ረዘመ፣ ወረደ።

“ስንታየሁ!” አሉ የኔታ።

ስንታየሁ ዜማውን አቆመ።

“ርክርኩን ዋጥከው። ቁርስ አልበላህም እንዴ? ድገም።”

ርክርክ ድምፅን የምታንቀጠቅጥ ትንሽ ምልክት ናት፤ በዝናብ መካከል ያቺን መስማት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ስንታየሁ ሳቁን እየታገለ ደገማት። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። “አንተ በሩ! ግባ፣ ምን ይገትርሃል። ጉባኤው አይታጠፍም” አሉ። ጋሼ እንየው እንደ ልጅ አለቀሱ። ለምን ቢሉ አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸው።

ይህን በቁሜ ነው የተየብኩት፤ አሁን ልሂድ። የየኔታ እኅት እማሆይ አመተ ማርያም አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ምሥራቹን ላደርስላቸው ነው። ስልክ የላቸውም። ወንድማቸው ጉባኤ ሊያጥፉ ነው የሚል ወሬ ደርሷቸው “እንግዲህ ወደ እኔ ይምጣ” ብለው መኝታ አሰናድተዋል አሉ። ዛሬ ገበያ ስለሆነ መኪናው ቶሎ ይሞላል። ይኸው ረዳቱ ከመንገዱ ማዶ “አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!” እያለ ይጮኻል። እኔ ነኝ! ያዝልኝ፣ መጣሁ!